በትከሻህ ላይ ያለችው እጅ

ቪልኒየስ፣ ኦክቶበር 18 ቀን 1993

ለታላቅ ወንድሜ ለሌይዘር ሩድኒክ
ሃይፋ

ውድ ወንድሜ፣

ጤናህ እንዴት ነው? ሳልህስ ለቀቀህ? «እኔ ደኅና ነኝ» ብዬ ጀምሬ ሁለት ወረቀት ቀድጃለሁ፤ ይህ ሦስተኛው ነው። ስለዚህ እሱን ልዝለለው። ጉልበቴ እንደ ወትሮው ዝናብ ሊመጣ ሲል ቀድሞ ይነግረኛል። የክረምቱን ጎመን ከትፌ በጨው አስቀምጫለሁ። ልጄ ዝላታ ማስተማሯን አላቆመችም፤ የትምህርት ቤቱ ማሞቂያ ገና ስላልተከፈተ እሷም ተማሪዎቿም ካፖርት ለብሰው ነው የሚውሉት። ሦስት ጊዜ እንደደወልክ አውቃለሁ። ቤት ነበርኩ። ወንበር ስቤ ስልኩ አጠገብ ተቀመጥኩና ጮሆ ጮሆ እስኪተወው ጠበቅሁት። ያላነሳሁት አፌን ስላላመንኩት ነው። ስጽፍ ግን ቢያንስ መሰረዝ እችላለሁ።

በሜይ የላክኸው ደብዳቤ እፊቴ አለ። «ባሽኬ» ትላለህ፣ እንደ ልማድህ ስሜን አቆላምጠህ፣ «አንድ ወሬኛ እዚህ ጋዜጣ ላይ ፎቶአችን ጫካ ውስጥ አልተነሳም ብሎ ጻፈ። በሚመጣው አፕሪል ሰባ አምስተኛ ዓመቴን ሲያከብሩልኝ ግድግዳ የሚያህል አድርገው ሊሰቅሉት ነውና ከዚያ በፊት የዚህን ሰው አፍ ማዘጋት አለብኝ። የፎቶ አንሺው የገሰል ልጅ ዳኑቴ እዚያው አጠገብሽ ናት። አባቷ በኦክቶበር 1943 ጫካ ውስጥ እንዳነሳን ጽፋ ትፈርምልኝ።»

የፈለግኸው ወረቀት ብቻ ነበር። እኔ ግን ሠላሳ አንድ ዓመት በመንግሥት ፎቶ ቤት የሰው ፊት ሳስተካክል የኖርኩ ሴት ነኝ። ኪንታሮት አጥፍቻለሁ፣ የወለቀ ጥርስ ተክያለሁ፣ በየፊናቸው የሞቱ ባልና ሚስት ጎን ለጎን አስቀምጬ ለልጆቻቸው ሰጥቻለሁ። የፎቶ ምስክሩ ወረቀት ሳይሆን ዋናው መስታወት፣ ምስሉ መጀመሪያ የሚያርፍበት ኔጋቲቭ፣ መሆኑን ከኔ በላይ ማን ያውቃል? የገሰል መስታወት ከተገኘ ያ ጋዜጠኛ የሚገባበት ያጣል፣ ወንድሜም ደስ ይለዋል ብዬ ተነሳሁ። ወንድሜን ላስደስት!

ፎቶውን ታውቀዋለህ፤ እኔም በቃሌ አውቀዋለሁ። በ1946፣ ጦርነቱ ሲጀምር ከተወሰድኩበት፣ ሩሲያ ውስጥ ካለው ከኡድሙርቲያ የሕፃናት ማሳደጊያ ስመለስ ባቡር ጣቢያ ተቀብለህ ከዳቦ ጋር የሰጠኸኝ እሱን ነው። ሰባት አርበኞች፣ ሁሉም መሣሪያ የያዙ፣ አንተ መሐል ላይ፣ ቆብህ ወደ ግራ ያዘነበለ። «እህታችን ዝላታስ?» ብዬ ስጠይቅህ፣ «ዝላታ የለችም። በሴፕቴምበር 43 ጀርመኖች ካጎሩን ጌቶ ስንወጣ በሩ ላይ በጥይት መቷት። ይህ ከዚያ በአንድ ወሩ ነው የተነሳው። ፊታችንን አታዪውም?» አልከኝ። አየሁት። ሐዘን መሰለኝ። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ በሴፕቴምበር እዚያው ፎቶ ሥር ለእህታችን ሻማ አበራለሁ፤ ስትነግረኝ የኖርከውንም ታሪክ፣ ገሰል ካሜራውን በድንች ጆንያ ደብቆ ጫካ እንዴት እንደገባ፣ ለልጄ እነግራታለሁ።

ኦገስት ላይ ዳኑቴ ዘንድ ሄድኩ። ዥቨሪናስ ሰፈር ያለው የእናቷ የእንጨት ቤት ውስጥ ነው አሁንም የምትኖረው። ጭቃ በጭቃ ሆና ከጓሮ መጣች።

«እትዬ ባሲያ፣ ዘገዩ እኮ!» ብላ ሳቀች። «የአባቴን መስታወት ከፈለጉ እነዚያውልዎት።»

ጣቷን የቀሰረችበትን ባይ የኪያር ችግኝ መጠለያ ነው። ጣሪያው በሙሉ የፎቶ መስታወት! ዝናብ አጥቧቸው ግማሾቹ ነጥተዋል፤ በአንዳንዱ ላይ ግን የሙሽራ ዓይነ ርግብ፣ የወታደር ቁልፍ ይታያል።

«እናቴ ናት» አለች። «ከጦርነቱ በኋላ መስታወት ከየት ይመጣል? የዚህ ከተማ ሙሽሮች ሁሉ ኪያር ሲያሞቁልን ኖሩ። በልተን አደግን፤ ትዳራቸው ይባረክ።»

«አርበኞቹም እዚህ ናቸው በይኛ?»

«የትኞቹ አርበኞች?»

«አባትሽ ጫካ ገብቶ ያነሳቸው። ካሜራውን በድንች ጆንያ ደብቆ።»

ዳኑቴ እጇን ሽርጧ ላይ ጠራረገችና አተኩራ አየችኝ። «አባቴ? ጫካ? እትዬ ባሲያ፣ ደኅና ነዎት? አባቴ እኮ ሦስቱን የጦርነት ዓመት በእናቴ ድንች ጓዳ ውስጥ ነው የከረመው። ድንቹ ላይ ተኝቶ! የወጣ ቀን ብርሃን አልችል ብሎ ዓይኑን በጨርቅ አስሮ ነበር ብላ እናቴ እስክትሞት ስታወራው ኖራለች። ትንኝ የሚፈራ ሰው ነው ጫካ የሚገባው?»

እኔም ሳቅሁ፤ ሞኟ እኔ። ወንድሜ ትንሽ ጨማምሮ ይሆናል፣ የአርበኛ ወግ ነው አልኩ። እንዲያውም በልቤ «ሌይዜሌ፣ ድንቹን ከየት እንዳመጣኸው ደረስኩብህ» ብዬ ቀልጄብሃለሁ።

ዳኑቴ ግን አንድ ነገር ትዝ አላት። እናቷ ከመስታወቱ ሁሉ አንዲት ጠፍጣፋ ሣጥን ለይታ ጣሪያ ሥር አስቀምጣ፣ «ይቺ የሰው አደራ ናት፤ ኪያር እንዳይነካት» ትል ኖራለች። መሰላል ወጥታ አወረደችው። በጥቁር ወረቀት የተጠቀለለ አንድ መስታወት፣ በላዩም የታጠፈ ደብዳቤ። ደብዳቤውን ለጊዜው ተውኩትና መስታወቱን ጫፍና ጫፉን ይዤ ወደ መስኮቱ አነሳሁት።

ሌይዘር፣ ኔጋቲቭ ላይ ፊቱ ጥቁር፣ ጥላው ነጭ ነው፤ ሌላ ሰው ቢያየው ጭራቅ ይመስለዋል። እኔ ግን ሌላው ጋዜጣ እንደሚያነበው ነው የማነበው። ቆብህን አየሁት። መሣሪያዎቹን አየሁ። ከጀርባ የሊንደን ዛፍ አለ፤ አበባው ዘለላ ዘለላ ሆኖ ይታያል። ሊንደን በኦክቶበር አያብብም። ጁላይ በዚያው ዛፍ ስም የሚጠራበት አገር ተወልደህ ይህን ታጣዋለህ? ጠርዙ ላይ በገሰል እጅ፣ በእኛው በአይሁድ ፊደል፣ «16.7.44፣ ግቢ» ተብሎ ተጽፏል። ከተማው ነፃ በወጣ በሦስተኛው ቀን መሆኑ ነው። ከሥሩ ስሞች ነበሩ። ስሞቹን ሳላነብ ሰዎቹን ቆጠርኩ። ስምንት። ደግሜ ቆጠርኩ። ስምንት።

ከኋላህ፣ ትንሽ ከፍ ብላ፣ ጠመንጃዋን እንደ መጥረጊያ ይዛ፣ ግራ ትከሻዋን እንደ ልማዷ ዝቅ አድርጋ ዝላታ ቆማለች። ቀኝ እጇ ትከሻህ ላይ ነው።

ዳኑቴ በኋላ እንደነገረችኝ ምንም አልጮኽኩም። «ውኃ ስጪኝ» ብዬ ውኃውን ሳልጠጣ ይዤው ተቀመጥኩ አሉ።

ቤቴ ገብቼ ያንተን ፎቶ ከግድግዳ አወረድኩ። በአጉሊ መነጽር ሳየው አምስት ደቂቃ አልፈጀብኝም። ዝላታ የነበረችበት ቦታ በቅጠል ተሞልቷል፤ ጥሩ ሥራ ነው፣ የማን እንደሆነ አላውቅም። እጇን ግን ማውጣት አልተቻለም፤ ብትወጣ ትከሻህ ይጎዳል። ስለዚህ ጣቶቿን ቀለም ቀብተው የቆዳ ማንገቻ አድርገዋቸዋል። መነሻም መድረሻም የሌለው ማንገቻ። አርባ ሰባት ዓመት አቧራውን ስጠርግ ኖሬአለሁ። የማንም ሰው ፎቶ እንዲህ አያመልጠኝም ነበር፤ ያንተ ስለሆነ አልመረመርኩትም።

በማግስቱ ዙንድል ዘንድ ሄድኩ። ከስምንቱ ከአንተ ሌላ በሕይወት ያለው እሱ ብቻ ነው፤ ያን ዓመት ቆንጆ ነበረ፣ አሁን ጆሮው አይሰማም፣ በተለይ መስማት ካልፈለገ። ኩሽናው ውስጥ ሄሪንግ ዓሣውን በሽንኩርት ይከትፋል።

«ባሽካ መጣች! ቁጭ በይ። ፊትሽ እንዲህ የሆነው ምን ነክቶሽ ነው? ባል ልታገቢ ነው እንዴ?»

መስታወቱን ጠረጴዛው ላይ፣ ነጭ ፎጣ ላይ አኖርኩለት። ቢላውን አስቀመጠ። ከዚያ እጁን ወደ ጆሮው ልኮ መስሚያውን ሊያጠፋ ሲል ያዝኩት።

«ጋሽ ዙንድል፣ ዛሬ ትሰማኛለህ።»

«ይህ እኮ ተሰብሯል» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ሌይዘር ራሱ ቆሞ አሰብሮታል። በዓይኔ አይቻለሁ።»

የሆነች ምስኪን ሙሽራ መስታወት ተሰብሮልህ ይሆናል፣ ሌይዘር። ፎቶ አንሺ የራሱን መስታወት አይሰብርም። ፎቶ ቤት ውስጥ ለአንድ ቀን እንኳ ሠርተህ ቢሆን ኖሮ ታውቀው ነበር።

«ተናገር» አልኩት።

«ምን ልናገር? ዝላታ በ45 በድብቅ ሰው ወደ ፖላንድ ታሻግር ነበር፤ ሁላችንም እናሻግር ነበር። እሷና ሌይዘር አንድ ላይ ድንበር ላይ በሶቪየቶች ተያዙ። እሱ በአሥር ቀኑ ወጣ። እሷ አሥር ዓመት ተፈረደባት።»

«ለምን እሱ ወጣ?»

«የፈረመበት ወረቀት ነበራ። መሪዋ እሷ ናት የሚል።» ሽንኩርቱን ወዲያና ወዲህ አደረገው። «ሚስቱ እርጉዝ ነበረች ባሽካ። ከዚያ አንቺ ልትመጪ ሆነ። አፍሽን የማትይዢ የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ! እህቴ የት ናት ብለሽ በየቢሮው ብትዞሪስ? ሁላችንም ተስማማን። ሞታለች እንበላት አልን። ለአንቺ ብለን ነው።»

«ጫካውስ? ጫካውን ለምን ፈጠራችሁት?»

«ግቢ ውስጥ ተነሳን ካልን ጎረቤት ሁሉ አይቶናል፤ ስምንት ነበራችሁ ይላል። ጫካ ምን ምስክር አለው?»

«እና አንተ አርባ ሰባት ዓመት ቤቴ እየመጣህ ዓሣዬን ስትበላ…»

«ስንት ጊዜ ልነግርሽ አፌ ላይ ደርሶ ነበር መሰለሽ» አለና አለቀሰ። የሽማግሌ እንባ አያሳዝነኝም ብዬ ወጣሁ፤ ደረጃው ላይ ግን እኔም አለቀስኩ። ሁላችሁም ታውቁ ነበር። በየበዓሉ ጠረጴዛዬን ከባችሁ «ነፍሷን ይማር» ስል አብራችሁኝ አንገታችሁን ስትደፉ ኖራችኋል።

አሁን ወደ ደብዳቤው ልምጣ። በ1959 ከካራጋንዳ፣ ካዛክስታን ውስጥ የእስረኞች ካምፕ ከነበረበት ከተማ፣ ለገሰል የተላከ ነው። ገሰል ከሞተ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖት ነበር። ባለቤቱ ፖስታውን ከፍታ የእኛን ፊደል ስታይ ማንበብ አልቻለችም፤ ከካራጋንዳ የመጣ ደብዳቤ ይዞ «አንብቡልኝ» ማለትም በዚያን ጊዜ አያስኬድም። መስታወቱ ላይ ካሉት ስሞች አንዱና ከደብዳቤው ሥር ያለው ስም በቅርጻቸው አንድ መምሰላቸውን ብቻ አይታ አብራ አስቀመጠችው። ድንች ጓዳ ውስጥ ሰው ደብቃ ያቆየች ሴት ናት፤ አደራ ታውቃለች። ልገልብጥልህ፤ የእጅ ጽሕፈቷን ለማየት አትበቃም፣ ቃሏ ግን ይድረስህ።

«የተከበርክ ገሰል፣ ዝላታ ሩድኒክ ነኝ። ጠመንጃዬን እያየህ ‹የኔ እመቤት፣ መጥረጊያ እኮ አይደለም› ብለህ የተቆጣኸኝ። ከካምፕ ከወጣሁ አራት ዓመቴ ነው፤ እዚሁ ቀርቼ ልብስ ስፌት ውስጥ እሠራለሁ። ወደ ቪልኒየስ የምመለስለት ሰው የለኝም። ትንሿ እህቴ ባሽኬ በ42 ኡድሙርቲያ በታይፈስ እንደሞተች ሌይዘር በ56 ጻፈልኝ። እሱም ካለፈው ዓመት ወዲህ መልስ አቁሟል፤ ወደ ውጭ ሄዷል ይላሉ፤ ይቅናው። በማርች ሴት ልጅ ወለድኩ። በሠላሳ ሰባት ዓመቴ፣ አስበው! የእህቴ ስም እንዳይጠፋ ባሲያ አልኳት። ለልጄ የማሳያት የቤተሰብ ፎቶ አንድ እንኳ የለኝም። ያን የግቢውን ፎቶ ካላጣኸው አንድ ቅጂ ላክልኝ። ሌይዘርን ካገኘኸው በሱ ላይ ቂም እንደሌለኝ ንገረው። ወረቀቱን ሲያቀርቡለት ምን አማራጭ ነበረው? እኔም ብሆን ፈርሜ ይሆናል። ብቻ ለምን መጻፍ እንዳቆመ ባውቅ ደስ ይለኛል።»

ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ከዚያ ተነሥቼ ምድጃው ላይ የተውኩትን ሾርባ አወጣሁ፤ አርሮ ነበር።

በእኛ ዘንድ ልጅ በሞተ ዘመድ ስም እንጂ በሕይወት ባለ ሰው ስም እንደማይጠራ ላንተ አልነግርህም። ጎረቤታችን ልጇን በሕያው አያቷ ስም ጠራች ብላ እናታችን ሳምንት ሙሉ ስትንዘፈዘፍ የነበረውን ታስታውሳለህ፤ መልአከ ሞት ሊወስድ ሲመጣ በስም ይሳሳታል ትል ነበር። እኔ በ1953 ስወልድ ሆስፒታል መጥተህ ልጄን አቅፈህልኛል። «ዝላታ ልበላት?» ብዬ ጠየቅሁህ። አላስገደድኩህም፤ ጠየቅሁህ። መስኮት መስኮቱን አየህና «በያት፣ ስሟ ይነሳ» አልከኝ። ዝላታ ያን ቀን ካምፕ ውስጥ በሕይወት ነበረች። ከስድስት ዓመት በኋላ ደግሞ እሷ ልጇን በኔ ስም ጠራች። ሁለት እህትማማቾች፣ ሁለታችንም በሕይወት፣ አንዳችን ለሌላዋ ሻማ እያበራን፣ በልጆቻችን ላይ የሕያው ስም ጭነን ኖርን። ልጄ በአምስት ዓመቷ ሳንባዋን ታማ ልትሞትብኝ ስትል ኃጢአቴ ምንድን ነው ብዬ ግድግዳ ስደበድብ አይተኸኛል። ምንም አላልክም።

በ1968 የፎቶ ቤቱ ሠራተኞች ለሽርሽር ወደ አልማ አታ ይዘውን ሄዱ። ባቡሩ ካራጋንዳ ላይ ሃያ ደቂቃ ቆመ። ወርጄ ከአንዲት ሴት ትኩስ ድንች ገዛሁ፣ እግሬን አፍታታሁ፣ ተመልሼ ተሳፈርኩ። አሁን የምተኛ ስመስል የማስበው ያችን ሃያ ደቂቃ ነው።

ከዚያ ነው የደወልኩልህ፤ የስልኩን ወሬ ሁለታችንም እናስታውሳለን፣ ግን እኔ እንደሰማሁት ልጻፈው።

«ባሽኬ» አልክ፣ «አርባ አምስትን አንቺ አታውቂውም።»

«አላውቀውም። ሃምሳ ስድስትን ንገረኝ። በሃምሳ ስድስት ማን ሽጉጥ ደቀነብህ?»

የባሕሩ ድምፅ ይሁን የመስመሩ፣ ሽው ሽው የሚል ነገር ሰማሁ። ይቅርታ ልትጠይቀኝ ነው ብዬ ወንበሩን ጨብጬ ጠበቅሁ። አንተ ግን ምን አልክ? «መስታወቱን ሌላ ማን አየው?» አልክ። ቀጥለህም «ስበሪው። ታሪካችንን አስቢ፤ ጠላት ይስቅብናል» አልክ።

ወንድሜ፣ ከዳኸኝ። ቃሉን ሌላ ቦታ አልፈልግለትም። ለፊርማህ ምሕረት ሊኖረኝ ይችል ይሆናል፤ እሷ ራሷ አድርጋልሃለች፣ እኔ ማነኝ? አስጨንቀውሃል፣ ፈርተሃል፣ ይሁን። ነገር ግን እሷ ወጥታ ስትጽፍልህ እኔ ካንተ ቤት ሁለት መንገድ ተሻግሬ ነበር የምኖረው። ዓርብ ዓርብ እራት አብረን እንበላ ነበር። ደብዳቤዋ ኪስህ ውስጥ ሆኖ ዳቦ ቆርሼ ሰጥቼሃለሁ ማለት ነው። አንዲት ቃል ብትነግረኝ ኖሮ በማግስቱ ባቡር ላይ ነበርኩ። በሃምሳ ስድስት የፈራኸው መንግሥትን አይደለም። እኔና ዝላታ ተገናኝተን ስላንተ እንዳናወራ ነው የፈራኸው። ለዚህ ብለህ ሁለታችንንም ገደልከን፤ እኔን በታይፈስ፣ እሷን በጥይት።

ደግሞ አርበኛ ነበርክ። ይህ ነው የሚያናድደኝ። ባቡር አፈንድተሃል፣ ዙንድልን ከወንዝ አውጥተሃል፤ ያም እውነት ነው፣ ማንም አይወስድብህም። ያ ጋዜጠኛ ቢመጣብኝ ይህንንም እነግረዋለሁ።

ከመደወሌ በፊት በፖስታው ላይ ወዳለው አድራሻ ጽፌ ነበር። ተስፋ አላደረግሁም፤ ሠላሳ አራት ዓመት የሞላው አድራሻ ነው። ባለፈው ማክሰኞ መልስ መጣ። ፖስታውን ከሣጥኑ ሳወጣው የላኪው ስም «ባሲያ» ይላል። የራሴን ደብዳቤ መልሰው የላኩብኝ መሰለኝ። የዝላታ ልጅ ናት። ነርስ ናት፣ እናቷ በሞተችበት ቤት ነው አሁንም ያለችው። ዝላታ በኖቬምበር 1984 ነው ያረፈችው፣ በሳንባ። የቤት ሥራ እንደሚጽፍ ተማሪ አድርጋ ሁሉን በዝርዝር ጽፋልኛለች፤ መጨረሻ ላይ ግን እንዲህ ትላለች፦ «እናቴ ሻማ ስታበራልዎ ያልበሰለ የጉዝቤሪ ፍሬ እየሰረቁ በልተው ሆድዎን ሲቆርጥዎ ለማንም እንዳትናገር ያስምሏት እንደነበር ትነግረኝ ነበር። እውነት ነው?»

እውነት ነው። ከእሷ በቀር ማንም አያውቅም ነበር። «አዎ» ብዬ መልስ ጻፍኩላት፤ ሌላውን ስትመጣ እንነጋገራለን። በኖቬምበር ትመጣለች። ቲኬቷን ልጄ ቆርጣላታለች፤ ሁለቱ በስልክ ሲያወሩ «ሄሎ ዝላታ»፣ «ሄሎ ባሲያ» ሲባባሉ እኔ ኩሽና ገብቼ በሩን ዘጋሁ።

ስለ መስታወቱ ደግሞ ስማ። አልሰብረውም፣ አልልክልህምም። በኖቬምበር መጨረሻ እዚህ የእኛ ሰዎች ጌቶው የፈረሰበትን ሃምሳኛ ዓመት ምክንያት አድርገው ኤግዚቢሽን ያዘጋጃሉ፤ ከመስታወቱ በቀጥታ የታተመው ፎቶ እዚያ ይሰቀላል። ከሥሩ ቀኑና ስምንት ስም ይጻፋል። አንተ የጠየቅኸውን ወረቀትም ዳኑቴ ጽፋ ፈርማልኛለች፤ እዚህ ውስጥ አለልህ። «አባቴ ይህን ፎቶ በጁላይ 16 ቀን 1944 በግቢያችን አነሣ። ስምንት ሰዎች ናቸው» ይላል። ለበዓልህ ማንበብ ካማረህ አንብበው።

አንድ ነገር ልንገርህና ላብቃ። ባለፈው እሑድ የድሮ የሥራ ሣጥኔን አወጣሁ። ምላጬን ሳልሁት፣ ብሩሾቹን አጠብኳቸው፣ አዲሱን ፎቶ መብራት ሥር ዘረጋሁ። አንድ ሰው ለማውጣት አርባ ደቂቃ ይበቃኛል፤ ያንተ ሰዎች እንደሠሩት አይሆንም፣ እኔ ማንገቻ አልተውም። ከቆብህ ልጀምር ብዬ ምላጩን አሳረፍኩ። ግንባርህ ጋ ስደርስ የዝላታን እጅ አየሁ። አጥብቃ ይዛሃለች፤ ጣቶቿ ካፖርትህ ውስጥ ገብተዋል። አንተን ካወጣሁህ እጇ ባዶ ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል፤ እሱንም ማጥፋት ሊኖርብኝ ነው። እኔ ደግሞ የእህቴን እጅ ሁለተኛ ጊዜ አላጠፋም። ስለዚህ ምላጩን ወደ ሣጥኑ መለስኩት። እዚያው መሐል ላይ ትቆማለህ። የቆምከው በእሷ እጅ መሆኑን ግን እወቀው።

ለሳልህ እንደ ዓመት ዓመቱ የደረቀ የሊንደን አበባ ልኬልሃለሁ። በጁላይ የለቀምኩት ነው፤ ይህን ሁሉ ሳላውቅ። በማር ጠጣው፤ ሳትጠጣው እንዳትተኛ። መቶ ሃያ ዓመት ኑር፤ ሻማ የማበራለት ሌላ ሰው አልፈልግም።

በ1942 በታይፈስ የሞተችው እህትህ

ባሲያ